መድረኩ ለጥቁር፣ ወንበሩ ለነጭ፦ የኮተን ክለብ ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር፣ ሌኖክስ ጎዳና ከ142ኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማእዘን ላይ፣ ከ1923 እስከ 1936 ድረስ ኮተን ክለብ የሚባል የምሽት ክበብ ነበረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቀኞቹ፣ ዘፋኞቹ፣ ተወዛዋዦቹና አስተናጋጆቹ ጥቁሮች ነበሩ። ጠረጴዛ ይዘው ራት የሚበሉት፣ የሚጠጡትና የሚያጨበጭቡት ግን ነጮች ነበሩ። ጥቁር ሰው፣ በጥቁሮች ሠፈር መካከል በቆመው በዚህ ቤት፣ በሠራተኛ በር ይገባል እንጂ በእንግዳ በር አይገባም ነበር።

የጭፈራ ቤት ታሪክ ለቁም ነገር አይበቃም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታሪክ ሲባል ቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ብቻ የሚታየን ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ አንድ ኅብረተሰብ ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚያበላልጥ የሚታወቀው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጾች ብቻ አይደለም። ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ቆሞ እንደሚያስተናግድ፣ ገቢውም ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ በሚወሰንበት አዳራሽ ውስጥም ይታወቃል። ኮተን ክለብን ለዚህ ውይይት የመረጥኩት ቤቱ ጥቁሮችን ያገለለው ጥበባቸውን እየጠላ ሳይሆን እጅግ እየወደደ በመሆኑ ነው። መናቅ ከጥላቻ ብቻ የሚመነጭ ለሚመስለን ሰዎች ይህ ታሪክ ጥቂት ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ።

ከቦክሰኛው ወደ ወንበዴው

ሃርለም ከመነሻው የጥቁሮች ሠፈር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኑሯቸው ደህና ለሆነ ነጮች የተገነባ አካባቢ ነበር። በ1904 የምድር ውስጥ ባቡር በሌኖክስ ጎዳና ሥር ሲዘረጋ ነጋዴዎች ቤቱን ገበያው ከሚችለው በላይ ሠርተውት ስለ ነበር ብዙው ተከራይ አጣ። ፊሊፕ ፔይተንን የመሳሰሉ ጥቁር የቤት ነጋዴዎች በዚህ ክፍተት ገብተው ለጥቁር ተከራዮች በር ከፈቱ። ቀጥሎም ከደቡብ ግዛቶች ከጭቆናና ከድህነት የሸሸው ሕዝብ፣ ከካሪቢያን ደሴቶችም የመጣው ስደተኛ ተጨምሮበት፣ ሃርለም በ1920ዎቹ የጥቁር ዓለም መዲና ለመባል በቃ። ማርከስ ጋርቬይ ሕዝቡን የሚሰበስበው፣ ላንግስተን ሂዩዝና ዞራ ኒል ኸርስተን የሚጽፉት፣ ኋላ የሃርለም ህዳሴ የተባለው የጥበብ ንቅናቄም ያበበው በዚሁ ሠፈር ነው።

በ1920 በ142ኛው መንገድ ማእዘን ላይ ክለብ ዴሉክስ የተባለ የራት ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን ነበር። ጆንሰን ከ1908 እስከ 1915 ሻምፒዮንነቱን ይዞ የቆየ፣ በዚህም የተነሳ ብዙ ነጭ አሜሪካውያን አምርረው የጠሉት ሰው ነው። ንግዱ ግን እንደ ቡጢው አልሰመረለትም። በ1923 ቤቱ ኦውኒ ማደን ለተባለ፣ በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ለተወለደና በሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት ታስሮ ለነበረ የወንበዴዎች አለቃ ተላለፈ። ስሙም ኮተን ክለብ ተባለ።

ማደን ቤቱን ለምን ፈለገው? መልሱ አጭር ነው፤ ቢራውን ለመሸጥ። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 ድረስ የአልኮል መጠጥ መጥመቅም ሆነ መሸጥ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ግን የጠጪውን ጥማት አላጠፋውም። ይልቁንም ንግዱን ከነጋዴ እጅ አውጥቶ ለወንበዴ እጅ ሰጠው። በስውር የተጠመቀው ቢራ የሚሸጥበት፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሳይሸማቀቅ የሚመጣበት ቤት ያስፈልግ ነበር። የሃርለም ሙዚቃ የማደን ቢራ ማጀቢያ ሆኖ ተቀጠረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሙና ጌጡ

ኮተን ማለት ጥጥ ነው። ጥጥ ለጥቁር አሜሪካዊ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ አያቶቹ በባርነት ሆነው በጅራፍ ሥር የለቀሙት ሰብል ነው። ስያሜው እንዲያው በአጋጣሚ የተሰጠ አለመሆኑን የአዳራሹ ጌጥ ይመሰክራል። ሰባት መቶ ያህል እንግዳ የሚይዘው ይህ አዳራሽ በደቡብ የነበረውን የባሪያ አሳዳሪዎች እርሻ እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱበት መድረክ ነጫጭ ዓምዶች ያሉትን የጌታውን መኖሪያ ቤት ይመስላል፤ ከበስተኋላውም የባሮቹ ጎጆዎች ተስለው ይታያሉ። ቀሪው ጌጥ ደግሞ አፍሪካን በጫካ መልክ ያቀርባል። ባርነት ከተሻረ ገና ስልሳ ዓመት ያህል ብቻ ነበር። በሕፃንነታቸው ባሪያ የነበሩ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ባርነት ለራት ማጣፈጫ የሚሆን ትዝታ ተደርጎ ተሸጠ።

ለተወዛዋዦቹ የተደነገገውም መስፈርት ከዚህ የተለየ መንፈስ አልነበረውም። ልጃገረዶቹ ቁመተ ረዣዥም፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ያልበለጠ፣ ቆዳቸውም ቀላ ያለ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። እንግዳው ጥቁር ሊያይ መጥቶ፣ በጣም የጠቆረ ግን እንዲያይ አይፈለግም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። ብዙ ሰው የዘር መድልዎ በደቡብ አሜሪካ በሕግ የቆመ፣ በሰሜኑ ግን ያልነበረ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ መድልዎን አላዘዘም። እንዲያውም ከ1895 ጀምሮ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በቴአትር ቤት ሰውን በዘሩ መለየትን የሚከለክል ሕግ ነበራት። ስለዚህ ኮተን ክለብ በየምሽቱ ሁለት ሕጎችን ይጥስ ነበር፤ አንዱን በመጠጡ፣ ሁለተኛውን በመቀመጫው። በ1925 መንግሥት ቤቱን ለአጭር ጊዜ አሸገው። የታሸገው ስለ መጠጡ ነበር እንጂ ስለ መቀመጫው አልነበረም። ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት የትኛውን ሕግ ከልቡ እንደሚያስከብር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድን ሥርዓት በሚያወጣቸው ሕጎች ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ልዩነት ሳያየው ያልፋል።

የኤሊንግተን ዘመን

በታኅሣሥ ወር 1927 ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ ወደ ኮተን ክለብ ገባ። በዋሽንግተን ከተማ የተወለደ፣ ዕድሜው ገና 28 የሆነ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበር። እስከ 1931 ድረስ የቤቱ ባንድ መሪ ሆኖ ሠራ። በእነዚህ ዓመታት ያገኘው ነገር ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ቋሚ ሥራና ቋሚ ደመወዝ በማግኘቱ ሙዚቀኞቹን ሳይበትን ማቆየት ቻለ። ሁለተኛ፣ የመድረኩ ትርኢት በየጊዜው ስለሚቀየር ለዘፈኑም፣ ለውዝዋዜውም፣ ለመሸጋገሪያውም አዲስ ሙዚቃ እንዲደርስ ተገደደ፤ ቤቱ የፈጠራ መሞከሪያው ሆነለት ማለት ነው። ሦስተኛና ዋነኛው፣ ከክበቡ በቀጥታ የሚተላለፈው የሬዲዮ ፕሮግራም ድምፁን ወደ መላው አሜሪካ አደረሰው። ወደ ኮተን ክለብ አዳራሽ መግባት የማይፈቀድላቸው ጥቁሮች ኤሊንግተንን ከቤታቸው ሆነው በሬዲዮ ሊሰሙት ቻሉ። የበር ጠባቂው ሥልጣን እስከ አየር ሞገዱ አልደረሰም።

ከእርሱ በኋላ የተተካው ካብ ካሎዌይም በ1931 ባወጣው ሚኒ ዘ ሙቸር በተሰኘው ዘፈን ዝናው ናኘ። ኤተል ዋተርስ በ1933 ስቶርሚ ዌዘርን የዘፈነችው በዚሁ መድረክ ነው። ሊና ሆርን ገና በ16 ዓመቷ የተወዛዋዦቹን ቡድን የተቀላቀለችው፣ ኒኮላስ ወንድማማቾች የተባሉት ልጆችም በእግራቸው ተአምር ያሳዩት እዚሁ ነው። በአንጻሩ የትርኢቱን ዘፈኖች በብዛት የሚደርሱት እንደ ሃሮልድ አርለንና ቴድ ኬለር ያሉ ነጮች፣ ትርፉን የሚሰበስቡትም ነጭ ወንበዴዎች ነበሩ።

የኤሊንግተን ባንድ በዚያ ዘመን የሚታወቅበት ድምፅ የጫካ ስልት ተብሎ ይጠራ ነበር። የመለከት ነፊው ቡበር ማይሊ የመለከቱን አፍ በከፊል እየከደነ እንደሚያጉረመርም፣ እንደሚያለቅስ ሰው ያስጮኸው ነበር። በጌጡ ተመርቶ ወደ አፍሪካ ጫካ የሄደ የመሰለው ተመልካች ይህን ድምፅ የአውሬ ድምፅ አድርጎ ሰማው። ደራሲው ግን ስለ ገዛ ሕዝቡ ሐዘንና ደስታ ይናገር ነበር። ኤሊንግተን በኮተን ክለብ ዘመኑ ሙድ ኢንዲጎን የመሰለ ረቂቅ ሥራ ደርሶ፣ በ1943 ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚተርክ ረጅም ድርሰቱን በካርኔጊ አዳራሽ አቀረበ። የእኛ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሰሙ ለተቀመጠው እንግዳ፣ ወርቁ ለሚያውቀው።

እንግዲህ ለኮተን ክለብ የሚከራከሩ ሰዎች የሚያነሱት ነጥብ ይህ ነው። ቤቱ ባይኖር ኤሊንግተን ባልነበረ ይላሉ። ነጥቡ ጨርሶ መናኛ አይደለም። ነገር ግን ለአርቲስቱ ያስገኘው ጥቅምና በሕዝቡ ላይ ያደረሰው ውርደት በአንድ ሚዛን ተመዝነው የሚጣፉ አይደሉም። ላንግስተን ሂዩዝ በ1940 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሃርለም ሰዎች ክበቡን እንደማይወዱት፣ ነጮች ወደ ሠፈራቸው እየጎረፉ እንደ አራዊት ማቆያ እንግዳ ሲመለከቷቸው ምን እንደሚሰማቸው በግልጽ ጽፏል። ከበሩ ውጪ የቆመው ሰው ምስክርነትም የታሪኩ አካል ነው።

ዘመኑ ነው ወይስ ሰዉ?

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር፤ ነጭ ደንበኛ ከጥቁር ጋር መቀመጥ ስለማይፈልግ ነጋዴው ምን ያድርግ? የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ እዚያው ሌኖክስ ጎዳና ላይ ይገኛል። በመጋቢት 1926፣ በ140ኛውና በ141ኛው መንገዶች መካከል፣ ሳቮይ የተባለ የዳንስ አዳራሽ ተከፈተ። ባለሀብቱ ሞ ጌል ነጭ፣ ሥራ አስኪያጁ ቻርልስ ቡካነን ጥቁር ነበሩ። አዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይይዛል። በሩም ለጥቁርም ለነጭም እኩል ክፍት ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ወለል ላይ ደነሱ፤ ሊንዲ ሆፕ የተባለው ዳንስ እዚያ ጎለመሰ፤ የቺክ ዌብ ባንድም በዚያው ነገሠ።

ሁለቱ ቤቶች የቆሙት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጎዳና፣ በደቂቃዎች የእግር መንገድ ርቀት ላይ ነው። አንዱ ለየ፣ ሌላው አልለየም። ኮተን ክለብ በሃርለም 13 ዓመት ቆየ፤ ሳቮይ እስከ 1958 ድረስ 32 ዓመት ኖረ። ስለዚህ ዘመኑ ነው የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይረታል። ዘመን ለሰው ምርጫውን ያጠብበት ይሆናል እንጂ ፈጽሞ አይነጥቀውም።

የመንግሥትን ጠባይ ለመረዳት አንድ ነገር ልጨምር። በ1943 የከተማው ባለሥልጣናት ሳቮይን ለወራት ዘጉት። በይፋ የተሰጠው ምክንያት በአዳራሹ ሴተኛ አዳሪነት ይካሄዳል የሚል ነበር። በሃርለም ብዙዎች ያመኑት ግን እውነተኛው ወንጀል የጥቁርና የነጭ አብሮ መደነስ መሆኑን ነው።

አቢሲኒያ በ138ኛው መንገድ

ከኮተን ክለብ አራት መንገድ ወረድ ብሎ፣ በ138ኛው መንገድ ላይ፣ የአገራችንን የቀድሞ ስም የያዘ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን። ታሪኩ ከያዝነው ጉዳይ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ይመልከቱ። በ1808 በኒው ዮርክ የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁር ምእመናን ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጋቸውን ተቃውመው ወጡ፣ የራሳቸውንም መሠረቱ። በቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት መሠረት ከመሥራቾቹ መካከል የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። የጉዳዩ ሥር እዚያም መቀመጫ ነበር። ይህ ማኅበረ ምእመናን ዛሬ በሚገኝበት በሃርለም ሕንፃው የገባው በ1923 ነው፤ ማደን ኮተን ክለብን በያዘበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ሠፈር፣ መለያየትን እምቢ ካለ ትውልድ የተወለደ ቤትና መለያየትን የሚነግድ ቤት ጎን ለጎን ቆሙ።

የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ሃርለምን ክፉኛ መታው። በ125ኛው መንገድ ያሉት መደብሮች የጥቁሩን ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ጥቁር ሻጭ ግን አይቀጥሩም ነበር። በመጋቢት 1935 አንድ ልጅ በመደብር ውስጥ ሰርቀሃል ተብሎ ተገደለ የሚል ሐሰተኛ ወሬ ሲነዛ ሠፈሩ በአመፅ ተናጠ። ከንቲባ ላ ጓርዲያ ያቋቋሙት ኮሚሽን መንስኤው ወሬው ሳይሆን በሥራ፣ በቤትና በፖሊስ አያያዝ ያለው መድልዎ ነው ሲል ደመደመ። ከንቲባው ሪፖርቱን ይፋ ሳያደርጉት ቀሩ፤ አምስተርዳም ኒውስ የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ በ1936 አወጣው።

በዚያው ዓመት ሃርለም ስለ ኢትዮጵያም ተነሣ። በሰኔ 1935 ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በያንኪ ስታዲየም ሲዘርረው ብዙዎች የተመለከቱት ኢትዮጵያ ኢጣሊያን ስትጥል ያህል ነበር። በጥቅምት ወር የሙሶሊኒ ጦር ድንበራችንን ሲጥስ በሃርለም ጎዳናዎች ሰልፍ ወጣ፣ ገንዘብ ተሰበሰበ፣ ለመዝመት የፈለጉም ተመዘገቡ። ቆይቶም ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ የዓለም ኢትዮጵያ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ለኢትዮጵያ ያዋጣው ሕዝብ በገዛ ሠፈሩ ባለው አዳራሽ ወንበር የተነፈገው ሕዝብ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ከአመፁ በኋላ ሀብታም ነጮች ወደ ሃርለም መምጣት ፈሩ። ኮተን ክለብ በ1936 መጀመሪያ የሃርለም በሩን ዘግቶ በመስከረም ወር በብሮድዌይና በ48ኛው መንገድ አዲስ ቤት ከፈተ። የጥቁሮችን ሠፈር ለቆ ሲሄድ የጥቁሮቹን ጥበብ ይዞ ሄደ። የኪራዩ ውድነት፣ ግብርና የአድማጩ ጣዕም መለወጥ ተደማምረው በ1940 ጨርሶ አዘጉት። የመጀመሪያው ሕንፃ በኋላ ፈርሶ የመኖሪያ አፓርትመንቶች ተሠሩበት፤ ሌኖክስ ጎዳናም ከ1987 ጀምሮ በማልኮም ኤክስ ስም ይጠራል።

ከአዲስ አበባ ሲታይ

በኖቬምበር 1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጣ። ባንዱ ተጫወተ፤ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር ተገናኘ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሰጡት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በ1954 የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንን ጎብኝተው ነበር። ኤሊንግተን በግንቦት 1974 አረፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከዙፋናቸው ወረዱ። በወጣትነቱ በባሪያ ጎጆ ሥዕል ፊት እንዲጫወት የተደረገው ሰው በሽምግልናው በአፍሪካ ቤተ መንግሥት ሲከበር ማሰብ ለኢትዮጵያዊ ደስ ያሰኛል።

ሆኖም የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን፣ ወደ ገዛ ድስታችንም መመልከት ይገባናል። ጥበቡን ወድዶ ጠቢቡን መናቅ በእኛ ዘንድ ባዕድ ነውን? መኳንንቱ ያለ አዝማሪ ግብር አያበሉም ነበር፤ አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ግን ስድብ ሆኖ ኖረ፤ ልጄን ለአዝማሪ ልዳር የሚል ባላባት አልነበረም። ሸማኔው የሠራውን ጥበብ ለብሰን ለበዓል ወጣን፤ ሸማኔውን ግን ናቅነው። ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሰን፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን፣ ቡዳ ናቸው ብለን ከማዕዳችን አራቅናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰውን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። የኒው ዮርኩ የ1895 ሕግ የገጠመው ዕጣ የእኛንም አዋጅ ገጥሞታል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። ከ2006 ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይከበራል። ከየክልሉ የመጡ ወገኖቻችን በባህል ልብሳቸው አጊጠው መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ይጨፍራሉ፤ ባለሥልጣናቱም በፊት ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። የአንዱ ሕዝብ ዘፈን በሌላው ዘንድ መሰማቱን የምቃወም አይደለሁም፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ኢትዮጵያን ከኮተን ክለብ ጋር አስተካክዬ መፈረጄም አይደለም። ነገር ግን ጭብጨባው ካበቃ በኋላ እነዚያ የጨፈሩት ሰዎች ስለ መሬታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት፣ ስለ ግብራቸው በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አላቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በመድረክ መታየት የመወከል ምትክ ተደርጎ ከተወሰደ ሥርዓቱ ርካሽ በሆነ ዋጋ ተገላግሏል።

ስለዚህ አንድ ሥርዓት የአንድን ሕዝብ ባህል እንዴት እንደሚያወድስ ሲነገረን አራት ጥያቄዎችን ማንሳት እንልመድ፦ መድረኩ ላይ ማን አለ? ወንበሩ ላይ ማን ተቀምጧል? የገንዘቡን ሣጥን ማን ይዟል? በሩንስ ማን ይጠብቃል? ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜም ያማረ ነው። የኮተን ክለብም መልስ ያማረ ነበር፤ በመድረኩ ላይ ዱክ ኤሊንግተን ነበረና። ፍትሕ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው ግን በቀሩት ሦስቱ ነው።